ዶሮ ታርዶ የተመሰከረ ድህነት

አገራችን ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ጦሙን አያድርም። አልጋ አለው፤ ካፌው በቀን ሦስት ጊዜ ይከፈታል፤ ሜል ካርዱን ለቲከሩ አሳይቶ ይገባል፤ ሽሮው ቀጠነም ወፈረም እንጀራው ላይ ይፈስለታል። ቤተሰብም "ልጃችን የመንግሥት ሆነ" ብሎ እፎይ ይላል። እናቴ እኔን ከሸኘች በኋላ ለጎረቤቱ ሁሉ "ከእንግዲህ የሚያበላው መንግሥት ነው" ስትል ከርማለች። እውነቷን ነው። መንግሥት ግን ሳሙና አይሰጥም። ኮፒ ቤቱም ከመንግሥት ጋር ትውውቅ የለውም። መምህሩ ሃንድአውቱን ለክፍል ተጠሪው ይሰጣል፤ ተጠሪው ግቢው በር ላይ ካለው ኮፒ ቤት ያስቀምጠዋል፤ የቀረው በአንተና በኮፒ ቤቱ ባለቤት መካከል ነው። ሰውየው ደግሞ በዱቤ አይሠራም።

እኔ ያደግኩት ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ገብስና በግ በሚበዛበት ደጋ ነው። ምደባ ሲወጣ የደረሰኝ ዩኒቨርሲቲ በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነበር። (ስሙን አልጠራም፤ የምናገረውን ነገር በሌሎች ግቢዎች የተማሩ ጓደኞቼም ስለሚያውቁት አንዱን ለይቶ ማማት ነውር ነው።) አባቴ አንድ ሙክት ሸጡ፤ ገንዘቡን እናቴ ከሱሪዬ የውስጥ ኪስ ላይ ሰፋችው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሒሳብ እስከ ዛሬ የማስታውሰው በብር ሳይሆን በበግ ብልት ነው። እስከ አዲስ አበባ ላለው አውቶቡስ አንድ የፊት እግር ሄደ። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ላደርኩበት አልጋ ጎድኑን ከፈልኩ። በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ለተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሙሉ ታፋ ተቆረጠ፤ ሻንጣዬን ጣራ ላይ ለሰቀለው ልጅ ደግሞ ሰኮናው ተሰጠ። ባልዲ፣ ጆግና የሎከር ቁልፍ ስገዛ ጭንቅላቱ አለቀ። የካልኩለሱ መምህር "ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ያልያዘ ክፍሌ እንዳይገባ" ሲሉ በእጄ የቀረው ቆዳው ብቻ ነበር።

ዶርም ውስጥ የነበርነው ልጆች ከየአቅጣጫው የተሰበሰብን ብንሆንም በኪሳችን እንመሳሰል ነበር። ከአንዱ በስተቀር። ከእኔ በላይ ካለው አልጋ የሚተኛው የወሎ ልጅ ወር በገባ ቁጥር ባንክ ይሄዳል፤ ሲመለስ ሳሙናውን፣ ኮፒውን፣ አንዳንዴም ለሁላችን ብስኩት ይዞ ይመጣል። "ቱጃሩ" ብለን ስም አወጣንለት። የሀብቱን ምንጭ ያወቅነው ቆይተን ነው። እህቱ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ የሄደች ናት፤ በዕድሜ ብዙም አትበልጠውም። ፈተና ሲደርስ ሌሊት ላይ፣ የአሠሪዎቿ ልጆች ሲተኙላት ትደውላለች።

"አጠናህ?" ትለዋለች።

"አዎ።"

"ምን አጠናህ?"

ይነግራታል። ቴርሞዳይናሚክስ ምን እንደሆነ በወሎኛ ለእህቱ ሲያስረዳት ነው እኔም የተረዳሁት፤ ከመምህሩ አልነበረም። የድሃ ተማሪ በምን እንደሚማር አጠናለሁ የሚል ሰው ካለ፣ የበጀት ሰነድ ከመግለጡ በፊት ጂዳን፣ ቤይሩትንና ዱባይን ቢጠይቅ ደግ ነው። እነዚያ እህቶች ፎርም አያስሞሉም።

እኔ ዓረብ አገር እህት የለኝም። ስለዚህ አንደኛው ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ "የገንዘብ ችግር ያለባችሁ ተማሪዎች ከመኖሪያ ቀበሌያችሁ ማስረጃ በማምጣት ተመዝገቡ" የሚል ወረቀት ሳይ ደስ አለኝ። ድጋፉ በወር 100 ብር ነው ተባለ። ቀበሌዬ ግን ያለችው የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ነው። የትራንስፖርት ገንዘብ እንደሌለኝ ለማስረዳት መጀመሪያ የትራንስፖርት ገንዘብ ማግኘት ሊኖርብኝ ነው። ከቱጃሩ ተበደርኩ። የጂዳዋ ልጅ እኔን ሳታውቀኝ የድህነቴን ማስመስከሪያ ከፈለች ማለት ነው።

ቤት የደረስኩት ጥር ማለቂያ ላይ ነበር። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደግሞ የማይጠሩበት ሰርግ የለም። ቢሮው ተቆልፏል። ማኅተሙስ ብዬ ብጠይቅ፣ በሊቀመንበሩ ኮት ኪስ ሆኖ ዳስ ለዳስ ይዞራል አሉኝ። እኔም ዳስ ለዳስ ዞርኩ። ሳገኛቸው እጄን ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ "ምሁራችን መጣ!" ብለው ለታዳሚው አስተዋወቁኝ፤ ጠላ አስቀዱልኝ። ነገራችን ደብዳቤው ላይ ሲደርስ ግን ብርሌያቸውን አስቀመጡ።

"ቤታችሁ ቆርቆሮ አይደለም እንዴ?"

"ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ያለውን ሰው ድሃ ነው ብዬ ማኅተም ልምታበት? ነገ ወረዳ ቢጠይቀኝ ምን ልል ነው?"

ቆርቆሮው የተመታው የክዳን ሳር ከአገሩ ስለጠፋ እንጂ ስለከበርን እንዳልሆነ፣ ዕዳውም ገና እንዳላለቀ ለማስረዳት ሞከርኩ። ዳሱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ልጁ እውነቱን ነው" አለ። ሌላው "እኔም ቆርቆሮ አለኝ፤ ድሃ ልባል ነው?" ብሎ ተነሣ። አንድ ሰውዬ የሁሉንም ቤት ጣራ በስም እየጠራ መቁጠር ጀመረ። ሙሽሮቹን የሚያያቸው ጠፋ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ መላ ዘየዱ፤ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችንን አይተው ይመስክሩ፣ እሳቸው ማኅተሙን ይመታሉ።

ይህን ለአባቴ መንገር ከካልኩለስም ይከብድ ነበር። አባቴ ግብር አሳድረው፣ የዕድር አጉድለው የማያውቁ ሰው ናቸው።

"ድሃ ብሎ የሚጽፈኝ ማን ነው?" አሉ።

"አባዬ፣ ለኮፒ እኮ ነው።"

"ኮፒ ምንድን ነው?"

ወረቀት በመኪና ማባዛት እንደሆነ ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡና "ታዲያ ወረቀቱን ለማባዛት እኔን ምን አስጻፈኝ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

የአባቴ አባት የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሏቸውን ደርበው፣ አኮፋዳቸውን አንግተው፣ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ቁራሽ ለምነው ነው ዳዊት የደገሙት፤ ቅኔ ቤትም የገቡት። በእኛ ቤት ይህ ሲወራ አንገት የሚያስደፋ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያውም የዘራችን ኩራት ነው። አባቴም ያን ዕለት ያነሡት ይህንኑ ነው። "ለትምህርት መለመን ነውር የለበትም፤ አያትህም ለምኗል። ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ መግባቱ ነው እኔን የከበደኝ" አሉ። እውነትም አያቴን በየደጁ ያስቸገራቸው ውሻ እንጂ ሰው አልነበረም። ከየት ቀበሌ እንደመጡ፣ የወላጆቻቸው ቤት ሳር ይሁን ቆርቆሮ የጠየቃቸው የለም። ደጁ ላይ የቆመው ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ ጠጉሩን ተላጭቶ፣ ሌላ አገር ድረስ መጥቶ ቁራሽ ሲለምን ሰው ያየውን ያምን ነበር። (ደግሞ የድሮውን ዘመን አወደስክ እንዳትሉኝ። አያቴ ከውሻ ንክሻ ጠባሳ ጋር ነው የተቀበሩት።)

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሁድ ነው። ሽማግሌ ቤትህ ሲመጣ ባዶ እጅህን አትቀበልም፤ ምስክር ሆኖ ቢመጣም ሽማግሌ ሽማግሌ ነው። እናቴ ጠላ ጠምቃ ነበር። እሱ አንሷት፣ ጾም ሳይገባ ብላ ዶሮ አረደች። አባቴ ደጅ ሆነው ሞፈር ይጠርባሉ፤ ላለመግባታቸው ምክንያት መሆኑ ነው። ሽማግሌዎቹ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ጎረምሳ ሳሉ ስለነበረው ክረምት አወሩ። በግ ስለሚገድለው በሽታ አወሩ። ከዚያ የሁሉም ታላቅ እጃቸውን ታጥበው፣ ጣራውን ቀና ብለው አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ በእውነት ከሆነ የምናገረው፣ ይህን የመሰለ ወጥ በልቼ ስወጣ ቤቱ የድሃ ነው ብል እግዜር ይታዘበኛል።"

እናቴ ደነገጠች። "ኧረ በመድኃኔ ዓለም! የቀረችኝ አንዲት ዶሮ እኮ ናት ያረድኩላችሁ!"

ሽማግሌው ወደ ባልንጀሮቻቸው ዞሩ። ተያዩ።

"እንዲያ ከሆነስ አሁን ድሃ ሆናችኋል" አሉ። "እንፈርማለን።"

ፈረሙ። ሁለቱ በጣት አሻራ፣ እሳቸው በቁም ጽሕፈት።

ደብዳቤውን የጻፈው የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ብዕሩ ደህና ነበር፤ ከሚገባው በላይ ደህና። "አመልካቹ ወላጆቹ ጥሪት የሌላቸው፣ በሰው እጅ የሚተዳደሩ" ይላል። አባቴ አንብብልኝ ሲሉኝ "በሰው እጅ የሚተዳደሩ" የምትለዋን ዘልዬ አነበብኩላቸው። ይህን በማድረጌ ዛሬም አልጸጸትም።

ግቢ ስመለስ ወረቀቱን የተቀበለችኝ ሠራተኛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። የቀበሌው ማኅተም ቀለሙ ደርቆ ግማሹ አይነበብም። "ደግሞም የወረዳ ማረጋገጫ የለውም" አለችና መለሰችልኝ። እኔ ከእንግዲህ የምሸጠው የበግ ብልት የለኝም። ለአገሬ ልጅ ደውዬ፣ ወረቀቱን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላክሁ። ወረዳ ከተማ ድረስ በእግራቸው ወርደው፣ ወረፋ ይዘው ማኅተሙን ያስመቱት አባቴ ናቸው። ደብዳቤውን ወረዳ ላይ ሌላ ሰው ያንብብላቸው አያንብብላቸው አላውቅም። ጠይቄያቸውም አላውቅም።

ከዚያ የኮሚቴው ቀን መጣ። በሩ ላይ የተሰለፍነውን ልጆች ያየ ሰው ግቢው ተዘርፏል ይል ነበር። ሁሉም ያለውን አሮጌ ልብስ ለብሷል፤ የሌለው ተውሷል። በፊቴ የቆመው ልጅ በእግሩ ያደረገው የተቀደደ ጫማ የዶርም ጓደኛዬ ንብረት እንደሆነ ስላወቅኩት ሰላም አልኩት፤ ጫማውን ማለቴ ነው። ከመካከላችን አንድ ብቻ ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ፣ አንገቱ ድረስ ቆልፎ የመጣ ልጅ ነበር። ያችን ሸሚዝ ማታ አጥቦ ጠዋት እንደሚለብሳት፣ ሌላ እንደሌለው የሚያውቁት የዶርሙ ልጆች ናቸው። ኮሚቴው ግን የሚያየው የተተኮሰ ሸሚዝ ነው። ልጁ ወዲያው ወጣ።

የሚጠየቀው ጥያቄ ለገበሬ ልጅ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ስንት ጥማድ በሬ፣ ስንት ላም፣ ስንት ቃዳ መሬት። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ እናቱ ጉሊት የምትቸረችር ልጅ ሁሉንም "የለም፣ የለም፣ የለም" ብሎ ሲመልስ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ "ታዲያ በምን ትኖራላችሁ?" አለው አሉ። "በሽንኩርት" ብሎ መለሰለት። እኔ በሬ አለን ስል፣ ዕዳውንና ቆርቆሮውን ላስረዳ ስል ጊዜዬ አለቀ። ያም ሆኖ ተቀበሉኝ። በሦስት ሽማግሌና በሁለት ማኅተም የተመሰከረ ድህነት እንዴት ይጣላል?

የተጎጂዎቹ ስም ዝርዝር የወጣው ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነው። ተጎጂ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ "ችግረኛ ተማሪዎች" ነው የሚለው። ሙሉ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ትምህርት ክፍል። ግቢው ሁሉ የሚያልፍበት በር ነው። የጎበዝ ተማሪዎች ዝርዝር ሲወጣ የሚታየው ዓይነት ግርግር እዚያም ነበር፤ ሰው ግን የራሱን ስም ሳይሆን የሌላውን ነበር የሚፈልገው። የእኛ ክፍል አንዲት ልጅ ስሟ ከወጣ በኋላ ገንዘቡን ልትቀበል አልሄደችም። ዶርሟ ውስጥ ሹሩባ እየሠራች ለኮፒ የሚሆናትን ታገኛለች። ማታ ማታ ሹሩባ ትሠራለች፣ ሌሊት ታጠናለች፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ ትተኛለች። መምህሩ ሰነፍ ትመስላቸው ነበር። ሌሎችም እንደ እሷ የቀሩ ነበሩ፤ በፔሮሉ ላይ ፊርማ የሌለባቸው መስመሮች ፈርሜ ስወጣ አይቻለሁ።

ገንዘቡ ሲከፈል ደግሞ የበርካታ ወር ተጠራቅሞ፣ ሰኔ ላይ፣ ለፈተና ሳምንት ቀርቶ ነው። ኮፒው ሁሉ ካለፈ በኋላ። የቱጃሩን ብድር ከፈልኩ፣ በቀረው ካልኩሌተር ገዛሁ። ካልኩለሱ አልቆ ነበር።

በመካከሉ ሁላችንም በየዓመቱ አንድ ፎርም እንፈርም ነበር። ኮስት ሼሪንግ ይባላል። መሠረቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ቁጥር 91 ነው። ከዚያ በፊት የተማሩት ታላላቆቻችን በልተው፣ ተኝተው፣ ተመርቀው ዕዳ ሳይከተላቸው ነው የወጡት። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይከፍላል። ከፍሎ እስኪጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪው አይሰጠውም፤ ቴምፖራሪ ይዞ ይዞራል። እናቴ "የሚያበላው መንግሥት ነው" ያለችው ሽሮ እንግዲህ በዱቤ ነበር።

ሥርዓቱን አልጠላውም። ስትማር አትከፍልም፤ ስታገኝ ትከፍላለህ፤ ሥራ ያጣ ሰው ደጁ ላይ አበዳሪ አይቆምበትም። መነሻው ላይ ክፈል ቢሉኝ ኖሮ የአባቴ በረት ተራግፎም አይበቃም ነበር። ነገር ግን አስቀድሞ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ተማሪ 5 በመቶ ቅናሽ አለ። ገንዘብ ያለው በርካሽ ይማራል፣ የሌለው በሙሉ ዋጋ። ይህን አንቀጽ ያሰበው ሰው ሽሮ በዱቤ በልቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል፣ አሁን በምሠራበት ቢሮ ውስጥ ቡና እየጠጣን ነበር። በ22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት እንዴት ይሠራ እንደነበር ለምግብ ቤቱ ሠራተኞች እግዜር ነው የሚያውቅላቸው። ሁላችንም ተደሰትን። ከዚያ የፋይናንስ ክፍሏ ልጅ፣ የእኔን 10 በመቶ በየወሩ የምትቆርጠው፣ "የዛሬዎቹ ልጆች ዕዳም በዚያው ልክ ያድጋላ" አለች። ምግብ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ስም የሚጻፍ እስከሆነ ድረስ ልክ ነች። ሳሙናው፣ ኮፒውና መሳፈሪያው ግን ያኔም ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አልነበሩም፤ ዛሬም የሉም። በዱቤ እንኳ የሚሰጣቸው የለም። ከክፍላችን ትተው የሄዱት ልጆች በርሃብ አልነበረም የሄዱት። አንዱ ለገና ቤተሰብ ሊጠይቅ ሄዶ መመለሻ አጣ። በዚያው ቀረ።

በየዩኒቨርሲቲው ለድሃ ተማሪ ድጋፍ የምትመድቡ ሰዎች፣ አንዳንዶቻችሁ ከእኔ ጋር የተሰለፋችሁ ናችሁና ነገሩን ታውቁታላችሁ። የስም ዝርዝሩን ከበር ላይ አውርዱ፤ ስልክ አለ፣ ባንክ አለ። ማን እንደተቸገረ ከሽማግሌ ይልቅ ፕሮክተሩንና የዶርም ልጆችን በጸጥታ ጠይቁ፤ የሸሚዙን ነገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ገንዘቡን ጥቅምት ላይ ስጡ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ ካለህ "በርታ" ብለህ ብቻ አትሸኘው። ካልኩሌተር ግዛለት፤ ያገለገለም ቢሆን ይሠራል።